ዝም የማለት መብትና የችሎት ቋንቋ

በወንጀል የተጠረጠረ ሰው ለመርማሪ ጥያቄ መልስ ላለመስጠት፣ በችሎትም በራሱ ላይ እንዲመሰክር ላለመገደድ መብት አለው። ይህ መብት በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት፣ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ፣ በአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ውሳኔዎች፣ በካናዳ፣ በእስራኤልና በሌሎች በርካታ አገሮች ሕግጋት በተለያየ መልክ ሰፍሮ ይገኛል። ስሙን ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ አፍን መዝጋት ነው። በተግባር ግን በአጠቃቀማቸው ከሚያደናግሩ መብቶች አንዱ ነው። በአንዳንድ አገር መብቱ የሚጸናው ሰውየው ዝም በማለቱ ብቻ ሳይሆን ዝም እንደሚል ተናግሮ በማሳወቁ ነው። በሌላ አገር ደግሞ ዝምታው ራሱ ተቆጥሮ ሊቀርብበት ይችላል። በባዕድ ቋንቋ፣ በአስተርጓሚ በኩል ለሚዳኝ አማርኛ ተናጋሪ ችግሩ ድርብ ነው። ከልጅነቱ በጨዋነት የለመዳቸው «እሺ» እና «አዎ»፣ ዓይንን ዝቅ ማድረግና ድምፅን መቀነስ፣ በመዝገብ ላይ እርሱ ያላሰበውን ትርጉም ይዘው ሊገኙ ይችላሉ።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ዝም ለማለት መናገር

ዓለም በአሜሪካ ፊልሞች የለመደው የፖሊስ ማስጠንቀቂያ ስሙን ያገኘው ከኧርኔስቶ ሚራንዳ ነው። ሚራንዳ በ1963 በአሪዞና ግዛት፣ በፊኒክስ ከተማ ተይዞ ለሁለት ሰዓት ያህል ከተመረመረ በኋላ የእምነት ቃሉን በጽሑፍ ፈረመ። በምርመራው ጊዜ ጠበቃ አጠገቡ እንዲሆን የመጠየቅ መብት እንዳለው አልተነገረውም ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 በአምስት ለአራት የድምፅ ብልጫ በሰጠው ውሳኔ፣ ፖሊስ በቁጥጥር ሥር ያለን ሰው ከመመርመሩ በፊት ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ የሚናገረው ሁሉ በፍርድ ቤት ሊቀርብበት እንደሚችል፣ ጠበቃ አጠገቡ እንዲሆን መጠየቅ እንደሚችልና ለጠበቃ የሚከፍለው ከሌለው እንደሚቆምለት የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። ሚራንዳ ራሱ ግን በዚህ ነጻ አልወጣም። የእምነት ቃሉ ተነሥቶ ጉዳዩ እንደገና ሲታይ በሌላ ማስረጃ ጥፋተኛ ተብሏል።

ማስጠንቀቂያው ግዴታ የሚሆነው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ሰውየው በቁጥጥር ሥር ሲሆንና ምርመራ ሲደረግበት። መንገድ ላይ ቆሞ ከፖሊስ ጋር የሚነጋገር፣ ወይም «እስቲ መጥተህ አነጋግረን» ተብሎ በፈቃዱ ጣቢያ የሄደ ሰው ማስጠንቀቂያው ላይነበብለት ይችላል። የሚናገረው ግን ያው ይመዘገባል።

መብቱ እንዴት እንደሚጠየቅ የወሰነው ሌላ ጉዳይ በ2010 የተፈረደው የቫን ቼስተር ቶምፕኪንስ ነው። በሚሺጋን ግዛት በተፈጸመ የነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ የተያዘው ቶምፕኪንስ ማስጠንቀቂያው ከተነበበለት በኋላ ለሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ተቀመጠ ማለት ይቻላል። በመጨረሻ መርማሪው በእግዚአብሔር ያምን እንደሆነ፣ ይጸልይም እንደሆነ ጠየቀው። አዎ አለ። ልጁን ተኩሶ ስለ መጣሉ እግዚአብሔር ይቅር እንዲለው ይጸልይ እንደሆነ ሲጠየቅም «አዎ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ያች አንዲት ቃል ማስረጃ ሆና ቀረበችበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንደገና በአምስት ለአራት ድምፅ፣ መብቱን የሚጠቀም ሰው ይህንኑ በማያሻማ ቃል ማሳወቅ እንዳለበትና ረጅም ዝምታ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ወሰነ። በልዩነት የጻፉት ዳኛ ሶኒያ ሶቶማዮር ተጠርጣሪው ዝም ለማለት መናገር ሊኖርበት መሆኑን አጥብቀው ነቅፈዋል። ትችታቸው ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ሕጉ ግን ብዙኃኑ ዳኞች እንዳሉት ጸንቷል።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሳሊናስ ጉዳይ ነገሩን አንድ እርምጃ አራቀው። ሳሊናስ በቴክሳስ ሳይታሰር፣ በፈቃዱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ለብዙ ጥያቄዎች መልስ ሲሰጥ ቆይቶ፣ ከግድያው ቦታ የተገኙት የጥይት ቀለሆች ከእርሱ ጠመንጃ ጋር ይገጥሙ እንደሆነ ሲጠየቅ ዝም አለ። ወደ ወለሉ ተመለከተ፣ እግሩን አንቀሳቀሰ፣ ከንፈሩን ነከሰ። ዐቃቤ ሕግ ይህን ሁሉ በችሎት ዘርዝሮ የጥፋተኝነት ምልክት ነው ብሎ ተከራከረ፤ ፍርዱም ጸና። ምክንያቱ፣ መብቱን እየተጠቀመ መሆኑን በቃል አላሳወቀም የሚል ነው።

ኢትዮጵያዊ አሳዳጊዎች «በትልቅ ሰው ፊት ዓይንህን ስበር» ብለው ላሳደጉት ሰው ይህ ጉዳይ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባም። ወደ ወለል መመልከት በአንዱ ባህል አክብሮት፣ በሌላው መሸሽ ነው። ከዐቃቤ ሕግ ንባብ የሚያድነው በግልጽ የተነገረ ቃል ነው፤ «ዝም የማለት መብቴን እጠቀማለሁ፤ ያለ ጠበቃ አልናገርም» የሚል። ከዚህ የለሰለሰ አነጋገር ዋጋ ሊያጣ ይችላል። በ1994 በተወሰነ ሌላ ጉዳይ አንድ ተጠርጣሪ «ምናልባት ጠበቃ ማነጋገር ሊኖርብኝ ነው» ብሎ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ይህ ጥያቄ አይባልም አለ። በአማርኛ ጨዋ ሰው የሚጠይቀው ግን እንዲሁ ነው፦ «ጠበቃ ቢኖር ጥሩ ነበር»፣ «ባላስቸግራችሁ»። እንዲህ ያለው ትሕትና በትክክል ቢተረጎም እንኳ በአሜሪካ ሕግ ፊት እንደ ጥያቄ ላይቆጠር ይችላል።

ዝም ማለት ከመዋሸት በእጅጉ ይለያል። የፌዴራል መርማሪ ሲጠይቅ አለመመለስ በአሜሪካ ወንጀል አይደለም፤ እያወቁ ስለ ፍሬ ነገሩ ሐሰት መናገር ግን እስከ አምስት ዓመት ሊያስቀጣ የሚችል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 በብሮገን ጉዳይ እንደወሰነው፣ ክስን ለመካድ ብቻ የተሰጠች አንዲት «አይደለም» እንኳ፣ ሐሰት ከሆነች፣ በዚህ ሕግ ሥር ትወድቃለች።

ዝምታ የሚቆጠርባቸው አገሮች

በእንግሊዝና በዌልስ ያለ አማርኛ ተናጋሪ የአሜሪካውን ፊልም አምኖ ቢሄድ ይሳሳታል። ከ1994 ሕግ ወዲህ የፖሊስ ማስጠንቀቂያው ሦስት ሐሳቦችን ይዟል፤ ተጠርጣሪው ምንም የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ይሁን እንጂ በኋላ በፍርድ ቤት የሚመካበትን ነገር ሲጠየቅ ሳይናገር ከቀረ መከላከያውን ሊጎዳው ይችላል፤ የሚናገረውም ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ክብደቱ በመካከለኛው ላይ ነው። ለምሳሌ በጣቢያው ዝም ያለ ሰው ከወራት በኋላ በችሎት «በዚያ ሰዓት ከእህቴ ቤት ነበርኩ» ቢል፣ ፈራጆቹ «ይህን ያኔ ያልተናገረው ኋላ ስለፈጠረው ነው» ብለው ሊገምቱ ይፈቀድላቸዋል። በዚህ ግምት ብቻ ግን ጥፋተኛ ሊባል አይችልም። በፖሊስ ጣቢያ ተይዞ ሳለ ጠበቃ የማማከር ዕድል ካልተሰጠውም ግምቱ አይወሰድም። በጣቢያ የሚሰጠው የሕግ ምክር ለማንም ነጻ ስለሆነ፣ መናገር ይሻላል ወይስ ዝም ማለት የሚለው ውሳኔ ከጠበቃው ጋር የሚወሰን እንጂ ከጓደኛ በተሰማ ምክር የሚወሰን አይደለም። ስኮትላንድ ይህን የ1994 ደንብ አልተቀበለችም።

በእስራኤልም ፖሊስ ሲያስጠነቅቅ አለመመለስ ሌላውን ማስረጃ ሊያጠናክር እንደሚችል ይናገራል። በ2002 የወጣው የተጠርጣሪዎች ምርመራ ሕግ ምርመራው በተጠርጣሪው ቋንቋ ወይም እርሱ በሚረዳውና በሚናገረው ቋንቋ እንዲካሄድ ያዛል፤ ዕብራይስጥን ለገበያና ለሥራ ያህል ብቻ የሚያውቁ ቤተ እስራኤላውያን አረጋውያን ሊያውቁት የሚገባ ድንጋጌ ነው። በጀርመን ሙሉ በሙሉ ዝም ያለ ተከሳሽ ዝምታው አይቆጠርበትም፤ ለአንዳንዱ መልስ ሰጥቶ ለሌላው ዝም ያለ ግን የተወው ክፍል ሊመዘንበት ይችላል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በበኩሉ በ1996 በመሬይ ጉዳይ፣ ዝም የማለት መብት የፍትሐዊ ፍርድ እምብርት ቢሆንም ከዝምታ ግምት መውሰድ ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም ብሏል።

ከአውጫጭኝ እስከ አንቀጽ 19

በኢትዮጵያ ነባር የሙግት ሥርዓት ዝምታ መብት ሳይሆን ሽንፈት ነበር። በበልሃ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛው ፊት ቆመው፣ ኩታቸውን እያስተካከሉ፣ በተረትና በምሳሌ፣ በቅኔም ሳይቀር ይረታቱ ነበር። መልስ ያጣ ተረታ። ነገር አዋቂነት በአደባባይ የሚያስከብር ሙያ ስለነበረ፣ ዛሬም «በችሎት ዝም በል» የሚለው የጠበቃ ምክር ለአንዳንድ አባቶች እንደ ውርደት ቢሰማቸው አያስገርምም። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይጠራ ነበር፤ የአካባቢው ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እስኪናገር ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። እዚያ የሚያስጠረጥረው የተናገረው ሳይሆን ያልተናገረው ሰው ነበር።

በጽሑፍ የወጣው ሕግ መንገዱን ለወጠ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 ተጠርጣሪው መልስ እንዲሰጥ እንደማይገደድ፣ ይህም እንዲነገረው፣ ቋንቋውን በሚገባ የማይረዳ ከሆነም ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት አዘዘ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ሊቀርብበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲገለጽለት፣ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይደነግጋል። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድና ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ያሰፍራል።

የሕጉ ቃል ይህ ሆኖ ሳለ የፖሊስ ጣቢያ አማርኛ ሌላ ነገር ያስተምራል። «ቃሉን ሰጠ»፣ «ቃል ተቀበሉት»፣ «ቃልህን ስጥ» ይባላል። ቃል በአማርኛ ንግግርም፣ የምስክር ወይም የተጠርጣሪ መግለጫም፣ የተስፋ ውልም ነው። «ቃልህን ስጥ» የተባለ ሰው ምርጫ እንደቀረበለት አይሰማውም። በውጭ አገርም ማስጠንቀቂያው በጥድፊያ ሲተረጎም ይኸው ሊያጋጥም ይችላል፤ «ዝም ማለት ትችላለህ» መባል ያለበት «ዝም በል» ከተባለ፣ መብቱ ትእዛዝ ሆኖ ይቀራል።

«እሺ» ምን ማለት ነው?

አማርኛ ተናጋሪ በችሎት ከሚጠቀምባቸው ቃላት እንደ «እሺ» የሚያስፈራ የለም። «እሺ» ማለት ሰምቻለሁ፣ እስማማለሁ፣ ይሁን፣ ቀጥል፣ እንዳልከው ይደረግ ማለት ነው፤ አንዳንዴም «ከዚህ ንዝንዝ ልገላገል» ከማለት አያልፍም። መርማሪ መብቶቹን አንብቦ «እነዚህን መብቶች ትተህ ልታነጋግረን ፈቃደኛ ነህ?» ሲል፣ «እሺ» የሚል መልስ በእንግሊዝኛ ፈቃድ ሆኖ ይመዘገባል። ሰውየው ግን ያለው «እየሰማሁህ ነው» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ጠበቆች ደንበኛው «ገብቶኛል» እና «ፈቅጃለሁ» የሚሉትን ለይቶ እንዲናገር ይመክራሉ።

«አዎ» ደግሞ በአሉታዊ ጥያቄ ላይ ይገለበጣል። በአማርኛ «መኪናውን አላየኸውም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ሲል አላየሁም ማለቱ ነው፤ የጠያቂውን አባባል ማጽደቁ ነውና። በእንግሊዝኛ «የስ» የሚለው መልስ ግን አይቻለሁ ወደሚለው ሊያደላ ይችላል። መስቀለኛ ጥያቄ የሚያቀርብ ጠበቃ ሥራዬ ብሎ የሚመርጠው ይህን ዓይነት ጥያቄ ነው፦ «በሩን አልዘጋኸውም፣ አይደለም እንዴ?» አስተርጓሚው ፈጣን ካልሆነ፣ ምስክሩም ከ«አዎ» በላይ ካልተናገረ፣ መዝገቡ የምስክሩን ሐሳብ ገልብጦ ይይዛል። መድኃኒቱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «አልዘጋሁትም» ወይም «ዘግቼዋለሁ»።

ትንፋሽን በአጭሩ ወደ ውስጥ በመሳብ «አዎ» ማለት ለሐበሻ የታወቀ ምልክት ነው። ለችሎት ቃል መዝጋቢ ግን ምንም አልተባለም፤ ለባዕድ ጆሮም ድንጋጤ ሊመስል ይችላል። ራስን መነቅነቅም እንዲሁ በጽሑፍ አይሰፍርም፤ ዳኛው «በቃል ይመልሱ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የረቀቀው የአንቱታ ጉዳይ ነው። አማርኛ አንድን የተከበረ ሰውና ብዙ ሰዎችን በአንድ ዓይነት ግሥ ይጠራል። «መጥተው ነገሩኝ» ሲባል የመጡት አንድ ሽማግሌ ወይም አንድ ሹም ሊሆኑ ይችላሉ፤ አሥር ሰዎችም ሊሆኑ ይችላሉ። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የቀበሌውን ሊቀ መንበር በአንቱታ ጠቅሶ ሲናገር «መጡ» የተባለው በብዙ ቁጥር ተተርጉሞ፣ በችሎት ደግሞ «የመጣው አንድ ሰው ነው» ቢል፣ የመንግሥት ጠበቃ ይህን እንደ ተቃርኖ ይይዘዋል። ዝምድናም ያው ነው። የአክስት ልጅ በአማርኛ «ወንድሜ» ይባላል፤ አብሮ አደግ ጓደኛም ይባላል። በማመልከቻ ቅጽ ላይ ሁለት ወንድሞች የጻፈ ሰው በችሎት ስለ ሦስተኛ «ወንድም» ሲናገር ውሸታም የሚመስለው በቋንቋው ምክንያት ነው።

ሰዓቱና ቀኑ የታወቀ ወጥመድ ቢሆንም አሁንም ሰው ይወድቅበታል። «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት» በእንግሊዝኛ ስምንት ሰዓት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ከጎርጎርዮሳዊው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዘገያል። ወሮቹም አይገጥሙም፤ «ሐምሌ 3» ብዙ ሰው እንደሚለምደው ጁላይ 3 ሳይሆን ጁላይ 10 ነው። ምስክሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገር አስቀድሞ ቢገልጽ ከብዙ መስቀለኛ ጥያቄ ይድናል።

አስተርጓሚው ማን ነው?

አስተርጓሚ በችሎት የተከሳሹ ወገን አይደለም፤ የዐቃቤ ሕግም አይደለም። በ«እኔ» ይናገራል፤ ተከሳሹ «አላየሁም» ሲል «አላየሁም» ይላል እንጂ «አላየሁም ይላል» አይልም። ምክር አይሰጥም፣ አያሳጥርም፣ አያስውብም፤ ስድብም ቢሆን እንዳለ ያሸጋግራል። ወደ እርሱ ዘንበል ብሎ «ወንድሜ፣ ምን ብል ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ስሕተት ነው። ደንቡን የሚያከብር አስተርጓሚ ጥያቄውን ራሱን ለችሎቱ ይተረጉመዋል።

የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት በወንጀል ለተከሰሰና የችሎቱን ቋንቋ ለማይረዳ ሰው በነጻ አስተርጓሚ የማግኘት መብት ይሰጣል። ፍርድ ቤቱም በ1978 በጀርመን ላይ በቀረበ አቤቱታ፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ ቢባል እንኳ የአስተርጓሚ ወጪ ሊጠየቅ እንደማይገባ ወስኗል። የአውሮፓ ኅብረት የ2010 መመሪያ መብቱን እስከ ፖሊስ ምርመራ ያደርሰዋል። በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የአስተርጓሚ ሕግ ከ1978 ጀምሮ አለ። በጥራቱ ላይ ግልጽ መለኪያ ያስቀመጠው የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። በ1994 በታየው የትራን ጉዳይ አስተርጓሚው ራሱ ምስክር ሆኖ ቀርቦ የተናገረውን ለተከሳሹ በአጭሩ ብቻ አጠቃልሎለት ነበር። ፍርድ ቤቱ ትርጉም ያልተቋረጠ፣ ትክክለኛ፣ ገለልተኛ፣ ብቁና ከንግግሩ ጋር እኩል የሚሄድ መሆን እንዳለበት ገልጾ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዟል።

በተግባር ትልቁ ችግር የአስተርጓሚ አለመኖር ብቻ አይደለም፤ የማይሆን አስተርጓሚም አለ። ለትግርኛ ወይም ለኦሮምኛ ተናጋሪ «ኢትዮጵያዊ ነው» ተብሎ የአማርኛ አስተርጓሚ ሊመጣለት ይችላል። ሰውየው እንዳያስቸግር ብሎ ዝም ይላል። የትርጉም ጉድለት ያኔውኑ ካልተነገረና በመዝገብ ካልሰፈረ በይግባኝ ማንሣቱ ከባድ ይሆናል፤ «አልገባኝም»፣ «እንዲህ አላልኩም» ማለት በችሎት ድፍረት ተብሎ አይቆጠርም።

የችሎት ሥነ ሥርዓት

ዳኛ ሲገባና ሲወጣ መነሣት በኢትዮጵያም በውጭም የተለመደ ነው። በአማርኛ «ክቡር ፍርድ ቤት» ሲባል የሚከበረው ተቋሙ ነው። በአሜሪካ ዳኛው «ዩር ኦነር» ይባላሉ፤ በእንግሊዝ የክራውን ፍርድ ቤት ዳኛም እንዲሁ፤ በከፍተኛው ፍርድ ቤት «ማይ ሎርድ» ወይም «ማይ ሌዲ» ይባላል፤ በማጂስትሬት ፊት «ሰር» ወይም «ማዳም» ይበቃል። ማዕረጉን መሳሳት ማንንም አያስቀጣም። ዳኛው ሲናገሩ ማቋረጥ፣ ከተቀመጡበት ሆኖ ለምስክር ምልክት መስጠት፣ ስልክ ማንጫረር ግን ችሎት መድፈር ተብሎ ሊያስቀጣ ይችላል። በእንግሊዝና በዌልስ በፍርድ ቤት ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት ከ1925 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የዘመድን ችሎት በማኅበራዊ መገናኛ በቀጥታ ለማሳየት የሚሞክር ሰው ዘመዱን አይረዳም።

መሐላን በተመለከተ ምስክሩ እንደ ሃይማኖቱ መማል ወይም ያለ መሐላ እውነት እንደሚናገር ማረጋገጥ ይችላል፤ ሁለቱም በሕግ እኩል ናቸው። ከመሐላ በኋላ «አላውቅም» እና «አላስታውስም» ሙሉ መልሶች ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ ጠያቂውን ባዶ እጁን ላለመመለስ «ይሆናል»፣ «ሳይሆን አይቀርም» ማለት ይቀናዋል፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ግን እያንዳንዱ «ይሆናል» አንድ ቀዳዳ ነው።

ዝምታ የማይጠቅምበት ቦታ

ዝም የማለት መብት የወንጀል ተጠርጣሪ መብት ነው። በአሜሪካ ከአገር የማስወጣት ጉዳይ እንደ ፍትሐ ብሔር ይቆጠራል። መናገሩ በወንጀል ሊያስከስሰው የሚችል ሰው እዚያም ዝም ማለት ይችላል፤ ነገር ግን የኢሚግሬሽን ዳኛው ከዝምታው ግምት ሊወስድ ይችላል፤ መንግሥትም ጠበቃ አያቆምለትም። የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ከዚህም ይለያል። እዚያ የማስረዳት ሸክሙ በአመልካቹ ላይ ስለሆነ፣ ያልተናገረው ነገር ለእርሱ እንደሌለ ይቆጠራል። በእስር ቤት የደረሰባትን መደፈር በወንድ አስተርጓሚ ፊት መናገር አሳፍሯት ዝም ያለች ሴት፣ ነገሩን በይግባኝ ስታነሣ «ለምን ያኔ አልተናገርሽም?» ትባላለች። ሴት አስተርጓሚና ሴት ጠያቂ እንዲመደብላት አስቀድማ መጠየቅ ትችላለች፤ ብዙ አገሮች በተቻለ መጠን ይፈቅዳሉ።

በገልፍ አገሮች የችሎቱ ቋንቋ ዐረብኛ ነው። እዚያ አደጋው ከመናገር ይልቅ መፈረም ነው። የእምነት ቃል በእነዚህ ፍርድ ቤቶች ከባድ ማስረጃ ስለሆነ፣ ማንበብ በማይችሉት ወረቀት ላይ የጣት አሻራ ማኖር ጉዳዩን ከችሎት በፊት ሊዘጋው ይችላል። የሳውዲ ዐረቢያ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሽ በምርመራም በፍርድም ጊዜ ጠበቃ እንዲረዳው የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ወረቀቱ እንዲተረጎም ሳይጠየቅ የተሰጠ አሻራን በኋላ ማንሣት ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው። በ1963 የተፈረመው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 በባዕድ አገር የታሰረ ሰው ከጠየቀ የአገሩ ቆንስላ ሳይዘገይ እንዲነገረውና ይህ መብት እንዳለውም እንዲገለጽለት ያዛል። ጥያቄው የታሳሪው ነው፤ ከገዛ መንግሥቱ ሸሽቶ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ለኤምባሲው እንዳይነገርለት ሊመርጥ ይችላል፤ ይህንንም በግልጽ ቃል መናገር ይኖርበታል።